በጓንት ውስጥ ያለው የበኩር ልጅ

በዚያ ዓመት ፀሐይ እንዳትመለስ የተመኘ አንድ ሰው ቢኖር ኡያራክ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማው ሰልችቶታል። ሽማግሌዎቹ በየቀኑ ወጣ እያሉ የደቡቡን ሰማይ ያያሉ፤ ልጆቹ “መቼ ነው? መቼ ነው?” እያሉ እናቶቻቸውን ያስመርራሉ። እሷ ግን በእማማ ኢቫሉ የበረዶ ቤት ውስጥ፣ መደቡ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ የጅማት ክር በጣቶቿ መሃል ወጥራ፣ ጥልፍልፉን ትሠራለች፣ ታፈርሳለች፣ መልሳ ትሠራለች።

የክር ጨዋታ የጨለማ ጨዋታ ነው። ፀሐይ ብቅ ካለች በኋላ ክር የወጠረ ሰው የፀሐይን እግር ይጠልፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጨረር በታየበት ቀን ክሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ሕፃን በዚያ አገር የለም። ኡያራክም ማወቁን ታውቃለች፤ እንዲያውም ስለምታውቅ ነው። በልቧ “በይ ተጠለፊልኝ፣ እባክሽን፣ ዘንድሮን ብቻ እዚያው ቆዪልኝ” ትላት ነበር። እንዲህ ያለ ምኞት ነውር ስለሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ፀሐይ ስትመለስ መንገድ ይከፈታል። መንገድ ሲከፈት ደግሞ እንግዳው ሽማግሌ ቱሉጋክ ውሾቻቸውን ጠምደው፣ እሷን በበረዶ ጋሪያቸው ጭነው፣ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው አገራቸው ይወስዷታል፤ ለልጃቸው ሚስት እንድትሆን። ልጁን አንድ ጊዜ አይታዋለች። ጨዋ ነው፣ መልኩም አያስጠላም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ለመጥላት እንኳ አልተመቻትም።

“ና ልጄ፣” አሏት እማማ ኢቫሉ፣ አቆስጣ በሚሉት የባሕር እንስሳ ስብ የሚነደውን መብራት እየነካኩ። “ጓንትህ ተቀዷል። አምጣው ልጥቀምልህ።”

ኡያራክ ጓንቷን አውልቃ ሰጠቻቸው። ቱሉጋክ ሻያቸውን ፉት አሉና ሳቁ።

“ወይ ጉድ! እኔ ለልጄ ሚስት ልወስድ ነው የመጣሁት። እናንተ ጎረምሳ ልታሸክሙኝ ነው እንዴ?”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሰሞኑን ፊታቸው ሳይፈታ የከረሙት የኡያራክ አባት፣ አንጊሊክ፣ እንኳ ሳቅ አሉ። ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ የእማማ ኢቫሉ ልጅ ኩብሉ። ጀርባውን ሰጥቶ አንዲት ነጭ ነገር በሞረድ ይሞርዳል። ሳቁ ሲያልቅ ዞር ብሎ አያት። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ባንዴ አቀረቀሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ኢቫሉ ከኩብሉ በፊት ሌላ ልጅ ነበራቸው፤ የበኩር ልጃቸው፤ ስሙም ኡያራክ ነበር። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ዋልረስ የሚሉትን ባለ ረጅም ጥርስ የባሕር አውሬ ሊያድን ወጥቶ፣ የቆመበት በረዶ ተገምሶ ባሕሩ ይዞት ሄደ። የሚቀበር ነገር እንኳ አልተገኘም። በዚያው ሰሞን የአንጊሊክ ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ጡት አልይዝም አለች። በመጨረሻ እማማ ኢቫሉ ከሐዘን ቤታቸው ወጥተው፣ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው “ኡያራክ?” ቢሏት ዝም አለች። አለቀ። ስሙ ማረፊያውን አገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃኗ ለእማማ ኢቫሉ “ልጄ” ሆነች፤ እንደ ወንድ ይጠሯታል፣ እንደ ወንድ ያለብሷታል፣ ሥጋ ሲከፈል የሟቹን ድርሻ ይሰጧታል። የወለደቻት እናት ከሞተች ወዲህማ “እማዬ” የምትለው ሌላ ሰው የላትም። ኩብሉም በዕድሜ ይበልጣት እንጂ፣ የወንድሙን ስም የተሸከመችውን ሕፃን “ጋሼ” እያለ አደገ። ስታለቅስ “ጋሼ አለቀሰ” ይል ነበር፤ ጥርስ ስታበቅል “ጋሼ ነከሰኝ” ብሎ ከሰሰ። ይህ በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ስም የተሸከመ ሰው የሟቹን ቦታ ይዟል።

እንግዲህ አስቡት። ሰው ጋሼውን ያገባል? ሰው ታናሽ ወንድሙን ባል ያደርጋል? ሁለቱም ይህን ጥያቄ ለየብቻቸው ሲያላምጡት ከርመዋል፤ አንዳቸው ለሌላው ግን አልተናገሩም።

እማማ ኢቫሉ ጓንቱን ጠቅመው መለሱላት። ስታጠልቀው ውስጡ ሞቅ ያለ ነበር፤ መብራቱ ላይ አሙቀውት ነው። እንዲህ የሚወዷት ሰው ምን ያስከፋታል ብላ ራሷን ተቆጣች። ግን ከፋት።

* * *

በማግስቱ ኩብሉ ለውሾቹ የቀዘቀዘ ሥጋ በመጥረቢያ ሲፈልጥ አገኘችው። አገኘችው ይባላል እንጂ፣ የመጥረቢያው ድምፅ ሲሰማት ነው ገበታ ይዛ የወጣችው። ጨረቃዋ ጥርት ብላለች፤ ውሾቹ በሰንሰለታቸው ላይ እየዘለሉ ይጮኻሉ።

“ጋሼ፣” አለ። መጥረቢያውን በረዶው ላይ ተከለው። እጁን ካባው ውስጥ አስገብቶ አንድ ነገር አወጣ።

ያቺ ነጭ ነገር ናት። ከዋልረስ ጥርስ የተቀረጸች፣ ዙሪያዋን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነች፣ በተገመደ ጅማት ከቀጭን ወስፌ ጋር የታሰረች። አያጋቅ ይሉታል፤ አጥንቱን ወደ ላይ ይወረውሩና ሲወርድ ቀዳዳውን በወስፌው ጫፍ ይቀልቡታል። እጅና ዓይኑ ያልተስማሙለት ሰው አይሞክረውም። ኡያራክ ጓንቷን አውልቃ በባዶ እጇ ዳበሰችው። እያንዳንዱ ቀዳዳ አፉ ለስልሷል፤ ጣት የሚቧጭር ቦታ የለውም። ጨለማውን ሙሉ ለማን ሲደክም እንደከረመ አሁን ገባት፤ ደስ ብሏት ልትስቅ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት።

“ፀሐይ ሳትወጣ አያጋቅ ይሰጣል እንዴ?”

አያጋቅ የፀሐይ ጨዋታ ነዋ። ክሩ ሲቀመጥ የሚወጣው እሱ ነው፤ አጥንቱ ወደ ላይ በተወረወረ ቁጥር ፀሐይም ከፍ ከፍ ትላለች ይባላል። ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም።

“አትጫወቺበት። ያዢው ብቻ። ስትወጣ ትጫወቺበታለሽ።”

“የት ሆኜ?”

ኩብሉ ውሾቹን አየ፣ መጥረቢያውን አየ። ሊናገር አስቦ ትንፋሹ ብቻ ነጭ ሆኖ ወጣ።

“የትም ብትሆኚ፣” አለ በመጨረሻ።

 እሷ ፀሐይ ስትወጣ የምትሆንበት ቦታ የታወቀ ነው፤ የቱሉጋክ ጋሪ ላይ። ለዚህ ነው ቀድሞ የሰጣት። የደህና ሁኚ ስጦታ ነው ማለት ነው። እሱ እኮ ከወዲሁ ሸኝቷታል!

“አመሰግናለሁ፣ ታናሼ፣” አለችው።

“ታናሼ” ያለችው ሆን ብላ ነው፤ እንዲያመው። ፊቱ ሲለዋወጥ አይታ ደግሞ እሷኑ መልሶ አመማት። ገበታዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

* * *

“ምግብ ትተሻል፣” አሏት አባቷ።

“አልራበኝም፣ አባዬ።”

አንጊሊክ ከያዙት ጥሬ ሥጋ ጫፉን ቆርጠው ጎረሱና አላመጡ። ቸኩለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

“ኡያራክዬ፣ እኔ ዕውር አይደለሁም። የኩብሉ መጥረቢያ በጮኸ ቁጥር ገበታ ይዘሽ ትወጫለሽ። ያ ልጅ ስንት ውሻ ቢኖረው ነው?”

ኡያራክ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

“ለቱሉጋክ የሰጠሁት ቃል ‘ኢቫሉ ከፈቀደች’ የሚል ነው። የያዘችሽ እሷ ናት። አንቺን ‘ልጄ’ ያለ አፍ፣ ሌላ ካላለሽ በቀር፣ እኔ አባትሽ ብሆንም በዚህ ነገር ምንም ማለት አልችልም። ለኩብሉ ‘ጋሼ’ ሆነሽ እዚያ ቤት በሚስትነት አትገቢም። እሷ ቃሉን ከቀየረች ግን ቱሉጋክን እኔ በክብር እሸኘዋለሁ። ሂጂና ጠይቂያት።”

“እምቢ ብትለኝስ?”

“እምቢ ካለች ጫማሽን ታጠልቂና ትሄጃለሽ። ሳትጠይቂ ከሄድሽ ግን ዕድሜ ልክሽን ይቆጭሻል።”

ሄደች። በዝቅተኛው የበረዶ መግቢያ ጎንበስ ብላ ስትገባ፣ የምትናገረውን በልቧ ስትደጋግም፣ እማማ ኢቫሉ ብቻቸውን ነበሩ። አዲስ ጫማ ይዘዋል፤ የወንድ ጫማ፣ ረጅም፣ ለሩቅ መንገድ የሚሰፋ። የሶሉን ቆዳ በጥርሳቸው እያለሰለሱ ነው።

“ምነው ቆምክ? ግባ እንጂ። እግርህን ስጠኝ ልለካው።”

ኡያራክ እግሯን ዘረጋች። እማማ ኢቫሉ ጫማውን አጠለቁላት፤ ተረከዟን ጫን ጫን አድርገው አዩት፤ ልክክ አለ።

“ያን ጊዜ አልደረሰልኝም ነበር፣” አሉ፣ ቀና ሳይሉ። “አንዱ እግር ቀርቶኝ ነበር። ‘ነገ ትጨርሺዋለሽ፣ እማዬ፤ ለዛሬ በአሮጌው እሄዳለሁ’ አለኝ። በአሮጌው ሄደ። ሶሉ አልቆ ነበር፣ ያንሸራትታል። ማን ያውቃል… ጥሩ ጫማ ቢኖረው ይዘልል ነበር ይሆናል።” ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። “አሁን ግን ቀድሜ ጨረስኩ። ሩቅ ትሄዳለህ፣ ይሁን። በደህና ጫማ የሄደ ልጅ ይመለሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ብቻ ነበር። … ምን ልትለኝ ነው የመጣኸው?”

ጥያቄው ከምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አየቻቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ጥርሳቸው በቆዳ ማለስለስ ብዛት አልቋል። ልጃቸውን አንድ ጊዜ ባሕር ወስዶባቸዋል። አሁን እሷ ተነሥታ “ልጅሽ አይደለሁም፣ ሌላ ስም አውጪልኝ” ብትላቸው፣ ለሁለተኛ ጊዜ የምትወስድባቸው እሷ ልትሆን ነው።

“ምንም፣ እማዬ። ክሩን ልሰጥሽ ነው። ፀሐይ ደርሳለች፤ አስቀምጪልኝ።”

ከኪሷ የጅማት ክሯን አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። እማማ ኢቫሉ ክሩን አዩት፣ እሷንም አዩአት። ኡያራክ ወደ ውጭ ስትወጣ አዲሱ ጫማ እግሯን አሞቀው፤ እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ሳይደርስ ቀዘቀዘ።

* * *

ፀሐይ ተመለሰች። ማንም ጠልፎ አላስቀራትም።

እኩለ ቀን ላይ ከባሕሩ በረዶ ዳር የጥፍር ያህል ቀይ ነገር ብቅ ሲል ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆመ። ልጆቹ ለፀሐይ ሳቁ፤ በግማሽ ፊት ነው የሚሳቀው። አንዱ ጉንጭ ይስቃል፣ ሌላው ይኮሳተራል፤ ፀሐይ መጣች ማለት ብርዱ አለቀ ማለት አይደለማ። ሳቁን መለየት ያቃታቸው ሕፃናት ጉንጫቸውን በእጃቸው ይዘው ሲታገሉ ትልልቆቹ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ልጆቹ በየቤቱ እየሮጡ መብራቱን ሁሉ እፍ አሉት፤ አሮጌው እሳት ጠፋ፣ በአዲስ እሳት አንድ መብራት ተለኩሶ ለሁሉም ተዳረሰ። ክር ሁሉ ተሰበሰበ። አያጋቅ ወጣ።

ጨዋታው ደራ። አጥንቱ ወደ ላይ ሲወረወር፣ ወስፌው ሲቀልበው፣ “ያዘው! … አይ፣ ሳተው!” ሲባል፣ ኡያራክ ብቻ እጇን ካባዋ ውስጥ ከትታ ቆማለች። ኩብሉ ከሩቅ ሲያያት ቆይቶ መጣ።

“የሰጠሁሽ የት አለ?”

“ስንቄ ውስጥ።”

“ስንቅ?”

“የደህና ሁኚ ስጦታ እዚህ ይጫወቱበታል እንዴ? እዚያ ስደርስ እጫወትበታለሁ። ‘የትም ብትሆኚ’ ብለህ የለ?”

ኩብሉ ግንባሩን መታ።

“የደህና ሁኚ? እኔ? … ወይኔ ሞኙ! እኔ እኮ የትም ብትሆኚ ያልኩት፣ የትም ብትሆኚ እኔም እዚያ ነኝ ማለቴ ነው!”

“ታዲያ እንደዚያ አይባልም?”

“አልወጣልኝማ! ለእማዬ ነግሬያት ነበር። መርፌዋን አስቀመጠችና ‘ጋሼህን?’ አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ካልፈቀደች ከጋሪው ኋላ እየሮጥኩም ቢሆን እከተልሻለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ቀድሜ የሰጠሁሽ ሌላ ሰው ሳይሰጥሽ ነው። ፀሐይ ስትወጣ የመጀመሪያውን ውርወራ አብረን እንድንወረውር።”

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር! ደስታው ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት። ከእግሯ ሲጀምር ግን ጫማው ትዝ አላት።

“አትከተለኝ፣” አለችው።

“ምነው?”

“እየው፣ እግሬን። እማዬ ሰፍታልኝ ነው። ልጇ እንዲመለስላት። አንተም ተከትለኸኝ ከሄድክ ምን ይቀራታል? ሁለት ልጅ ባንድ ጋሪ እንውሰድባት?”

ኩብሉ ጫማውን አየ። ያን አሮጌ ጫማ እሱም ያስታውሰዋል፤ ሕፃን ሆኖ በበሩ ያየው የመጨረሻ ነገር የጋሼው ያለቀ ሶል ነበር። 

“ኡያራክ፣” አላት።

ጋሼ አላላትም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራት፤ ስሙም ከእሱ አፍ ሲወጣ የሟች አልመሰላትም፣ የራሷ መሰላት። ለዚያም ነው ሰምታ መሄድ ያቃታት።

* * *

ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ እማማ ኢቫሉ ቤት ተሰበሰበ። ፀሐይ በወጣችበት ቀን እማማ ኢቫሉ ጓንቱን ያወጣሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ጓንቱ የሟቹ ኡያራክ ነው። ውስጡ እሱ ራሱ አንድ በአንድ የሰበሰባቸው የአቆስጣ የመዋኛ እጅ አጥንቶች አሉበት፤ ትናንሽ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሱ። ተጫዋቹ ሸምቀቆ ያለው ቀጭን ጠፍር ወደ ጓንቱ ይሰድድና፣ ሳያይ፣ ከውጭ በጣቱ እየዳበሰ ያጠምዳል፤ ያወጣው አጥንት የእሱ ነው። ይኸኛው አባት፣ ይቺ እናት፣ እነዚህ ውሾች፣ ይህ ጋሪ፤ እያለ ፊት ለፊቱ ቤት ይመሠርታል። ቤቱ የሞላለት ያሸንፋል።

አንድ ወፍራም አጥንት አለ፤ ጎኑ ላይ በቢላ የተጫረ። የበኩር ልጅ ነው። ማንም ያውጣው ማን ለእማማ ኢቫሉ ይሰጣል፤ እሳቸው ከራሳቸው ቤት ያኖሩታል። ተነግሮ አያውቅም፤ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ማለት ከቱሉጋክ በቀር።

ዙሩ ኡያራክ ጋ ደረሰ። ሸምቀቆውን ሰደደች፣ በጣቷ ዳበሰች፣ ቀስ ብላ ሳበች። ክብደቱን ገና ሳይወጣ አወቀችው። ወፍራሙ አጥንት ከጓንቱ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

“እሰይ!” ብለው ጭናቸውን መቱ ቱሉጋክ። “የበኩር ልጅ አወጣሽ! የልጄ ቤት ሞላ በሉኛ!”

ማንም አልሳቀም። ኡያራክ አጥንቱን ከሸምቀቆው ፈታች፤ እንደ ወትሮዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ እማማ ኢቫሉ ፊት ከተደረደሩት አጥንቶች ጎን አስቀመጠችው።

“ኧረ! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?” አሉ ቱሉጋክ። “ያወጣው አይደል የሚወስደው? በኛ አገር እንዲህ አድርጎ የሚሰጥ ሞኝ የለም።”

አንጊሊክ ጉልበታቸውን ጎሸም አደረጓቸው፤ ግን ቃሉ አምልጧል። እማማ ኢቫሉ አጥንቱን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቁ። ሳቁ ወደ ልቅሶ የሚዞር ዓይነት ሳቅ ነበር፤ ሰዉ ደነገጠ።

“እውነትህን ነው። የሚሰጥ የለም። የኔ ልጅስ መች ይሰጥ ነበር? ሌባ ነበር እኮ! ይህን አጥንት በጫማው ይደብቀዋል፣ በአፉ ይይዘዋል፤ ‘አምጣ’ ስለው ምላሱን ያወጣብኛል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝም።” እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። “ይቺ ግን መዳህ ከጀመረች ወዲህ ትመልስልኛለች። ያወጣችውን ሁሉ ትሰጠኛለች። እኔ ልጄን የማላውቀው ይመስላችኋል? ስሙ አርፎባታል፤ ሲያርፍባት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም አይወስድባትም። እጇ ግን የሱ እጅ አይደለም። አውቀው ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።”



“ኡያራክ፣” አሉ እማማ ኢቫሉ። “ያን ቀን ጫማውን ስሰፋ፣ ክር ልትሰጪኝ አልመጣሽም። ምን ልትጠይቂኝ ነበር?”

 አንገቷን ደፋች፣ እንባዋ በጉልበቷ ላይ ተንጠባጠበ። ያን ጊዜ ኩብሉ ከቦታው ተነሣ። ለዚህች ሰዓት ስንት ቃል አሰናድቶ ኖሯል፤ ግን አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

“እማዬ፣ እኔ… ጋሼን… ጋሼን ሳይሆን… እሷን ነው የምፈልገው! ጋሼ ማለት አልችልም ከእንግዲህ። አቃተኝ።”

“አልችልም እያልክ ሦስቴ አልከው እኮ፣” አሉ ቱሉጋክ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ።

እማማ ኢቫሉ አልሳቁም። የበኩሩን አጥንት ከራሳቸው ቤት አነሡት። ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። ከዚያ የኡያራክን እጅ ስበው መዳፏ ላይ አኖሩትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት።

“ያወጣሽው ያንቺ ነው። እስከ ዛሬ ያስመለስኩሽ ይበቃል። ደስ ባለሽ ቤት አኑሪው፣ ምራቴ።”

ምራቴ። ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይኸው መጣ። ደስታው ግን ብቻውን አልመጣም፤ ያ ድምፅ ከእንግዲህ “ና ልጄ” ብሎ እንደማይጠራት ባንዴ ተሰማት። አጥንቱን ወስዳ ኩብሉ ከመሠረተው ቤት አኖረችው። እማማ ኢቫሉ ፊት የተደረደረው ቤት አንድ ሰው ጎደለው፤ እሳቸው ጉድለቱን አዩት እንጂ አልሞሉትም። ኡያራክ ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እሳቸውም እንደ ሕፃንነቷ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት።

* * *

በማግስቱ ቱሉጋክ ውሾቻቸውን ጠመዱ። አንጊሊክ ጋሪውን በዋልረስ ሥጋ እስከ አፉ ሞልተውላቸዋል፤ ቂም የለም።

“ልጄን ምን ልበለው?” አሉ ገመዱን ይዘው።

“ጎረምሳ ሆና አገኘኋት በለው፣” አሉ አንጊሊክ።

“እሱማ ሲያያት ጊዜ ምን ዓይነት ጎረምሳ እንደሆነች አውቋል!” ብለው እየሳቁ ውሾቹን ጮኹባቸው፤ ጋሪው በረዶው ላይ ፈትለክ አለ።

ኡያራክ ከካባዋ ውስጥ አያጋቁን አወጣች። ኩብሉ አጠገቧ ቆሟል። ወረወረችው፤ ነጩ አጥንት በፀሐይዋ ፊት ተሽከርክሮ ወረደ፤ ወስፌው ሳተው።

“እንዴ! አታውቂበትም?” አላት።

“ቀዳዳውን አጥብበኸው ነው።”

“ድገሚዋ። ማን ያስቸኩለናል?”

የሚያስቸኩላቸው አልነበረም። እሷ ግን አያጋቁን እጁ ላይ ትታለት ዞር አለች። እማማ ኢቫሉ ከሰው ሁሉ ተለይተው፣ ያ ልጃቸው በሄደበት በባሕሩ አቅጣጫ ቆመዋል። ፀሐይዋ ዛሬ ትንሽ ከፍ ብላለች። እማማ ኢቫሉ ፊታቸውን ሰጥተው ሳቁላት፤ ሥርዓቱ እንደሚያዘው፣ በግማሽ ፊት። ሌላው ግማሽ አልሳቀም።

“ነይ ምራቴ፣” አሉ ሳይዞሩ፣ ኮቴዋን ለይተው። ጫማውን እሳቸው ሰፍተውት የለ።

ኡያራክ መጣች። ባልሳቀው ጉንጫቸው በኩል ቆመችና እጃቸውን ያዘች።